የተከደነው ፕሌት

ሬሳውን ያየ ሁሉ ጮኸ፤ ጽናት ብቻ አልጮኸችም። በዓለም ከተማ፣ የዘይት ቆርቆሮ በሚታተምበት ፋብሪካ፣ እሷም በምትሠራበት፣ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ስስ ብረት በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ባሏ አፈወርቅ ማጅራቱን ተመትቶ ተዘርሯል። ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት። ሰው ከመጥራቷ በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ የቀረውን ፕሌት ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ከደነችው።

አገር ምድሩ ይህንኑ አወራ። ጠዋት ከባሏ ጋር መጣላቷም ተጨመረበት። የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ደንዝዛለች፤ እጇ እንኳ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ታያት።

መንዜዋ ኢንስፔክተር መስታወት ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የምትል፣ የማትቸኩል ሴት ናት።

«ባልሽ ወድቆ ፕሌት ትከድኛለሽ?»

«ተገልጦ ነበራ። ብርሃን ያበላሸዋል።»

«መብራት በርቶ የለም እንዴ?»

«ቢጫው ነው፤ ቢጫ አይነካውም። ነጩን ግን ፕሌት ሳይከደን አናበራም።»

መስታወት ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ዞረች። «ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ እርስዎስ ምን አዩ?»

«እሷ ሳትመጣ በፊት በመስኮቱ ነጭ መብራት ቦግ አለ፤ ቆየት ብሎ ጠፋ። እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

«አንተስ ትዕዛዙ? ቁስሉ የመፍቻ ምት ይመስላል፤ መፍቻህን ለሰው ታውሳለህ?»

የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ ትከሻውን ሰበቀ። «ማንም አይነካትም። ዛሬም ከማሽኑ አልተለየች።»

መስታወት ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበችና ጽናትን «ያንን ፕሌት እጠቢው» አለቻት።

ጽናት የፕሌት ማጠቢያውን መድኃኒት አፈሰሰችበት። ብርሃን የነካው አረንጓዴ ልባስ ታጥቦ ሄደ። መሃሉ ላይ ግን አንድ ጥላ አልለቅ አለ፤ አፉ በአንድ በኩል የተሸረፈ መፍቻ።

«ነጩን ያበራው የፕሌት ሰው አይደለም» አለች መስታወት። «በቢጫ ብርሃን ደምና ቀለም አይለይም። ገዳዩ ልብሱን ለማየት ነጩን ሲያበራ መፍቻውን ፕሌቱ ላይ አሳረፈው፤ ከሥሩ ብርሃን አልገባም። ጽናት ባትከድነው ኖሮ፣ ሰው ገብቶ ነጩን ሲያበራ ይህም ጥላ ይጠፋ ነበር። ትዕዛዙ፣ መፍቻህን አውጣ።»

አፉ የተሸረፈ ነበር።

«ሰክረህ ማሽን አስነስተህ የሥራ ባልደረባህን የፈንታን እጅ ማስቆረጥህን አፈወርቅ ነገ ፍርድ ቤት ሊመሰክርብህ ነበር።»

«ልጆች አሉኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ትዕዛዙ። «እምቢ አለኝ።»

እሱን ሲወስዱት ጽናት ፕሌቱን ሙጫ መቀባት ጀመረች።

«በቃ ተይው» አለቻት መስታወት። «አሁን እንኳ አልቅሺ።»

«ካልተቀባ ይበላሻል።» ቀብታ ጨረሰች። «ጠዋት የተጣላነው ‹አትመስክር፣ ይቅርብህ› ብዬው ነው።»

የምትከድነው ሌላ ነገር በዓይኗ ፈለገች፤ አጣች። ያን ጊዜ ጮኸች።