«ከማን ጋር ነው ጠቡ?»

እኔ እንደው በሰይጣን ወሬ አላምንም፣ ሰይጣን ራሱ እኔን ሲያይ መንገድ የሚቀይር ነው የሚመስለኝ፣ ያን ቅዳሜ ግን ያየሁትን አየሁ፣ ምን ላድርግ እናንተዬ!

ሰበታ፣ አንድ ኮምጣጤ ፋብሪካ ውስጥ ላብራቶሪ አጸዳለሁ። ባሌ አርፎ ልጆቼ ከተበተኑ ወዲህ የምታወራኝ ለሊሴ ብቻ ነበረች፣ የኮምጣጤውን አሲድ የምትለካዋ ልጅ። «አኮ» ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። ከላይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቤዝ የሚሉትን ውሃ ትሞላለች፣ ከታች ጠርሙስ ውስጥ ያለው ኮምጣጤ ላይ ቀለም የሚያወጣ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ ከዚያ የቱቦውን መክፈቻ ላላ አድርጋ ጠብ፣ ጠብ። ሮዝ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ አልጠፋም ያለ ጊዜ ትዘጋለች፣ ስንት እንደፈሰሰ አይታ የአሲዱን ብርታት ታሰላለች። እኔ ደሞ ልክ ሊደርስላት ሲል «ከማን ጋር ነው ጠቡ?» እላታለሁ፣ ትስቃለች፣ እጇ ያመልጣታል፣ ኮምጣጤው ቀይ ሥር ይመስላል።

«አኮ! አሳለፉኝ እኮ! ከእርስዎ ጋር ነው ጠቡ!»

ሆዷን ኦፕራሲዮን ልትሆን አዲስ አበባ ሄደች፣ «በሳምንቴ እመጣለሁ» ብላ። ወር አለፋት፣ ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ቆሟል፣ ሰው የለም፣ ወለሉን ስወለውል ጠብ ሲል ሰማሁ። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ መስሎኝ ሄጄ አጠበቅሁት። ጠብ። ዞር ስል፣ እመኑኝ፣ አጥቤ ባዶውን ያቆምኩት ቱቦ ሞልቷል፣ ከሥሩ ጠርሙስ አለ፣ ሮዙ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ጠርሙሱም ለብቻው ዞር ዞር ይላል፣ ልክ እሷ እንደምታዞረው። ፈራች ብላችኋል? ደስ አለኝ እንጂ፣ አሁን ሳስበው እሱ ነው የሚያስፈራኝ! «ለሊሴ፣ ከማን ጋር ነው ጠቡ?» አልኩ።

ጠብታው ቆመ። ሳቋን ጠበቅሁ፣ የለም። ቆይቶ አንዲት ጠብ፣ ሮዙም የሕፃን ጥፍር መስሎ ቀረ።

አላጠብኩትም። ሰኞ በሷ ቦታ የመጣው ኬሚስት «ይሄን ማን ለካው?» አለ፣ «እኔ» አልኩት። ስቆብኝ ከዚያው ኮምጣጤ ራሱ ለካ፣ በአንዲት ጠብታ እንኳ አልተለያየም።

«እማማ፣ ማን አስተማረዎት?»

«ለሊሴ ናታ፣ እዚህ የነበረችው።»

«አሁን የት ናት?»

«የለችም።»

እስከዛ ቀን ለጠየቀኝ ሁሉ «ትመጣለች» ነበር የምለው፣ ይቺን ቃል ማን አፌ ላይ እንዳስቀመጣት አላውቅም። ዛሬም ማታ ማታ እደውላለሁ፣ ብቻ ሁለቴ ከጠራ እዘጋዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቢያነሳውስ?