ሰኞ ማክሰኞ በሳጃና

ሁስና በጠመኔ መሬት ላይ ስታሰምር ያያት ሰው ከሕፃናት ጋር ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት የመጣች እንጂ አስተማሪ አትመስለውም። እውነትም ትጫወት ነበር። ብቻ በየሳጥኑ ውስጥ ፊደል አለ፤ በአንድ እግሩ ዘሎ የገባ ልጅ የፊደሉን ድምፅ ጮክ ብሎ ካላሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። «ቤ» ብሎ፣ «ት» ብሎ፣ ሁለቱን አጋጥሞ «ቤት!» ያለ ይጨበጨብለታል።

ሳምንቱን ሙሉ አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ዕረፍቷ ጁምዓ ብቻ ናት። እሷንም ሳጃና ሰፈር፣ በአገሯ ሰው በእትዬ ሙሚና ግቢ፣ ካርቱም ተወልደው አማርኛ የሚከብዳቸውን የወሎ ልጆች ሰብስባ ታሳልፋለች። ልጆቹ አረብኛ ስለለመዱ መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ከቀኝ ጫፍ እየተነሱ ሲዘሉ በሳቅ ገድለዋታል።

ኑርሁሴንን ያወቀችው በመንገድ ነው። አንድ ጁምዓ የተሳፈረችበት ባለ ሦስት እግር ረክሻ ነጂ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያትና፣

«ሐበሻ አይደለሽ? ይኼ ሁሉ ጠመኔ ለምንሽ ነው?» አላት በአማርኛ።

ነገረችው። በሳምንቱ የእህቱን ልጅ፣ ትንሿን ሬሕማን፣ እጇን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ሲሆን ሥራ አይታየውም፤ ረክሻውን ደጅ አቁሞ፣ የግቢውን በር ተደግፎ ጨዋታውን ያያል። ጨዋታውን የምንለው እንኳ ለይሉኝታ ነው።

«ለምን ገብተህ አትቀመጥም?» አለችው አንድ ቀን።

«ረክሻዋን ማን ይጠብቅልኛል፣ ኡስታዛ?»

ኩራት መሰላትና ቅር አላት።

እናቶቹ ግን እያደር ነገሩ አላማራቸውም። ለእነሱ ፊደል መቁጠር ማለት ጉሮሮ እስኪደርቅ በዜማ መጮህ ነው። «ዝላይማ መንገድ ላይስ መች አጡ!» አለች የሬሕማ እናት ናስራ። ለመጪው ጁምዓ ልጆቹ በፊታቸው እንዲፈተኑ፣ ካላነበቡ ትምህርቱ እንዲቀር ተቆረጠ።

መከራ ሲመጣ ተያይዞ ነውና፣ በዚያው ሰሞን የሁስና አሠሪ መዳም ጓዟን ጠቅልላ ዶሃ ልትገባ መሆኑን አስታወቀች። «አብረሽኝ ነይ» አለቻት።

ሁስና ይህንን በፈተናው ጁምዓ ጠዋት ረክሻው ውስጥ ሆና ለኑርሁሴን ነገረችው። «ልጆቹ ካላነበቡ ከዚህ ምን ይይዘኛል?»

ኑርሁሴን አንገቱን ሳያዞር መሪውን ጨበጥ አደረገ። «ኢንሻአላህ ያነባሉ» አለ።

እሷ ሌላ ነገር ነበር የጠበቀችው። ስትወርድ ሆድ ባሳት።

ፈተናው ሲጀመር እትዬ ሙሚና ራሷ ሁስናን «ጨረቃ» ብለሽ ጻፊ አለቻት፤ ልጆቹ ተምረውት የማያውቁትን ቃል ነው የመረጠችው። መጀመሪያ የተጠራችው ሬሕማ ነበረች። አንድ እግሯን አነሳች፤ የእናቷን ፊት አየች፤ ደርቃ ቀረች። እንባዋ ሲመጣ ሌሎቹም ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

«ይኸው፣ ኸላስ! አበቃ!» አለች ናስራ።

ያኔ ኑርሁሴን ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ። ያ ጢማም ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ጀለቢያውን ሰብስቦ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ያላ ሬሕማ፣ እኔ ልሞክር፤ አንቺ ፍረጂኝ።» ከቀኝ ጫፍ ባለው ሳጥን ዘሎ ገባና፣ «ሙ!» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሬሕማ እንባዋን ረሳች። «ኻሉ፣ ከዚያ አይደለም! አማርኛ ከግራ ነው!»

«እሺ። ይኼ ‹ለ› ነው?»

«አይደለም! ‹ጨ› ነው! ያኛው ‹ረ›፣ ያኛው ‹ቃ›!» ልጅቷ አጎቷን ገፍትራ አስወጣችውና ዘለለች። «ጨ… ረ… ቃ… ጨረቃ!»

ሌሎቹም እየተጋፉ መጡ። እትዬ ሙሚና የጠራችውን ቃል ሁሉ እየዘለሉ አነበቡላት፤ ናስራም ልጇን አቅፋ መሳም ያዘች። ትምህርቱ ተረፈ።

ሁስና ግን ኑርሁሴን ሲዘል አልሳቀችም። ግንባሩን ያጠመቀውን ላብ አይታለች። በር ላይ ደረሰችበት።

«እየቀለድክ አልነበረም፣ አይደል?»

«ወላሂ አንዲቷንም አላውቃት። እናቴ አዝላኝ ነው ከወሎ የወጣችው፤ እኔ የማነበው አረብኛ ነው። ደጅ የምቆመውም ረክሻ ልጠብቅ አልነበረም። አንቺ ፊት መሀይም መሆን አፍሬ ነው።»

«ታዲያ ዛሬስ?»

«ዛሬማ ልትሄጂ ነው!»

ተያዩ። እሷም መልስ ለመስጠት መዳሟን አንድ ሳምንት አስታገሰቻት።

በሳምንቱ ስትመጣ ሰኞ ማክሰኞው ተሰምሮ ጠበቃት። መስመሩ የተንጋደደ፣ ፊደሉም ጀማሪ የጻፈው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ኑርሁሴን ደጅ አልነበረም፤ ከልጆቹ መሃል፣ ሳምንቱን ሙሉ ካስተማረችው ከሬሕማ አጠገብ ተቀምጧል። ልጆቹ እሷን እሷን ያያሉ።

ሁስና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከግራ ጀመረች።

«አ» አለች። «ት።» ሦስተኛው ላይ ዘለለች። «ሂ።» መጨረሻው ሳጥን ውስጥ ገብታ ሁለተኛ እግሯን ማሳረፍ ረስታ ቆመች። «ጂ።»

ቀና ብላ ሳታየው ከፌስታሏ ጠመኔ አወጣች። ተንበርክካ፣ ከእሱ መስመር ሥር ሌላ አሰመረች፣ ፊደልም ሞላችበትና፣ «ያንተ ተራ ነው» አለችው።

ኑርሁሴን ተነሳ። «ሽ…» አለ። «ማ…» ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እግሩ ተንገዳገደ፤ ፊደሉ አልመጣለት አለ። ልጆቹ ትንሽ ታገሡት፤ ከዚያ ግን አልቻሉም። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ፦

«ሽማግሌ ላክ!»

እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ናስራ የወንድሟን ትከሻ ትደልቃለች። ሁስና ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች፤ ታለቅሳለችም።

«ወላጆቿ ወሎ ናቸው፤ ሽማግሌውን ወደ ማን ልላክ?» አለ ኑርሁሴን ግራ ገብቶት፣ አሁንም በአንድ እግሩ እንደቆመ።

«ወደ እኔ ነዋ!» አለች እትዬ ሙሚና። «ብቻ ጁምዓ እንዳይሆን። ጁምዓ ትምህርት አለ።»