መሐሉ የሰረጎደው ሸራ

ንጉሤ የተገኘው ካናል ዊንቸስተር በተባለች የአሜሪካ ከተማ፣ በገዛ ቤቱ ጓሮ፣ ለበረዶው ወራት በተሸፈነችው ጀልባው ውስጥ ነው። ወንድሙ ካሳሁን ሁለት ቀን ሲፈልገው ሰነበተና፣ ጀልባዋ ላይ የተደረበው ሁለት ሸራ መሐሉ ሰርጉዶ የዝናብ ውሃ ማቆሩን ቢያይ ግራ ገብቶት አንዱን ጥግ ብቻ ፈትቶ ገለጥ አደረገ። ንጉሤ ጭንቅላቱን በመፍቻ ተመትቶ ሞቷል።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሄራን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብግን እንዳለች ነው። ለቅሶ ቤት ገብታ አንድ ነገር ስትጠይቅ ሁሉም «ደግ ሰው ነበር፣ ነፍስ ይማር» ይላታል። ደግነቱንማ ማን ካደ? ሰዉ ደግሞ ለኮቪዱ ማስክ አጥልቋል፤ ፊት እንኳ ማንበብ አልተቻለም። አለቃዋ ግን ቸኩሏል። የንጉሤ ሚስት አፀደ በጀልባዋ ሰበብ ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል፣ ቤት የነበረችውም እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ በሠልስቱ ማግሥት ትታሰር ብሎ ወስኗል።

«እትዬ አፀደ፣ ጭቅጭቁ ምን ነበር?»

«አምና ሸራውን ዝም ብሎ ጣል አደረገባት። በረዶው ተከመረና ቀደደው፤ ውሃውን በባልዲ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ወይ በደንብ ሸፍናት ወይ ሽጣት አልኩት። ይኸው ነው።»

ካሳሁንም ይህንኑ አጸና። ከወንድሙ ጋር ጣውላ ቆርጠው፣ ሸራውን እንደ ቤት ጣሪያ ከመሐል ቀና የሚያደርግ ድጋፍ ሠርተው ነበር። ድጋፉ እስካሁን ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ በብርድ እንዳይሰነጠቅ አንቲፍሪዝ ሲሞሉት ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ተጣሞ አገኙት። ንጉሤ አይቶት ፊቱ ተለዋወጠ አላት።

ጀልባዋን ኦገስት ላይ ብቻውን ወደ ሐይቅ የወሰዳት የንጉሤ የልብ ወዳጅ ጀማነህ ነው፤ ሃያ ዓመት ክፍት የጭነት ትራክ የነዳ ሰው። በዚያው ሰሞን አንድ ዋናተኛ በጀልባ ተገጭቶ እግሩን አጥቷል፣ ገጪው አልተያዘም። ጀማነህ ግን ንጉሤ በሞተ ቀን ከመንገድ ገብቼ ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ጀልባዋንም ከኦገስት ወዲህ አልነካኋትም ብሎ ድርቅ አለ። ሄራን ዋናተኛውን የገጨችው ይቺው ጀልባ ሳትሆን አትቀርም ብላ ጠረጠረች። ግን የተጣመመ ብረት ብቻውን ገዳይ አያስይዝም።

በሠልስቱ ሐዘንተኛው ሁሉ ጓሮ ተሰበሰበ። ሄራን ድጋፉን ከጋራዥ አስወጥታ የጀልባዋ ጎን ላይ አስደግፋ፣ እንደያኔው ሁለት ሸራዎች አስዘርግታለች።

«ጋሼ ጀማነህ፣ በረዶ ሊጥል ነው። ለእትዬ አፀደ ጀልባዋን ቢሸፍኑላቸው?»

በሰው ፊት የሐዘንተኛን ሥራ እምቢ የሚል ሀበሻ የለም። ጀማነህ ካፖርቱን አወለቀ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ የፊተኛውን ሸራ በኋለኛው ላይ ደረበ፣ ጠርዙን እንደ ፖስታ አጠፈ፣ ገመዱን እስኪጮህ አጠበቀው።

«ይሄን እንጨት አንሱልኝ፣ ሸራ ይቀድዳል» አለና ድጋፉን በእግሩ ገፋ አደረገው።

ሄራን አስከሬኑ የተገኘ ዕለት ያነሳችውን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ ለሁሉም አሳየች። ድርቡም፣ እጥፉም፣ የሰረጎደው መሐሉም አንድ ነው።

«ጀልባዋን የሸፈነው ንጉሤ አይደለም፤ እሱ ከሥር ሞቶ ነበር» አለች። «ድጋፉን ራሱ የሠራው ካሳሁን ሳያቆመው አይሸፍንም። አምና ውሃ ሲቀዱ የከረሙት እትዬ አፀደም እንደዚያው። መሐሉን መደገፍ የማያስበው፣ ትራክ ላይ ሸራውን ከሥር ጭነቱ ራሱ ሲሞላለት የኖረ ሰው ነው። የፊተኛውን በኋለኛው ላይ የሚደርበውም ሃይዌይ ላይ ነፋስ እንዳይገልጥበት የሚፈራ ነው። ጋሼ ጀማነህ፣ ይቺ ጀልባ እኮ እስከ ኤፕሪል የትም አትሄድም።»

ጀማነህ ገመዱን አልለቀቀም። ንጉሤ ፕሮፔለሩን አይቶ «ዋናተኛውን መግጨትህን ራስህ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ» አለኝ አለ። የመንጃ ላይሰንሴ ከሄደ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ ብዬ ለምኜው ነበር አለ። እምቢ ሲለኝ መፍቻውን አነሳሁ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማውም።

አፀደ ፊቱ ቆመች።

«እኔን ሊያስሩኝ እንደሆነ እያወቅህ ነው እጄን ይዘህ ስታጽናናኝ የሰነበትከው?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አፀደ ወደ ካሳሁን ዞረች።

«ፍታው» አለችው። «እሱ ያሰረው ጓሮዬ ውስጥ አያድርም።»

ገመዱን ፈቱ፣ ድጋፉን ከመሐል አቆሙ፣ ሄራንም አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው። ንጉሤ ሊያደርገው ባሰበው መንገድ ሸፈኗት።