ወደ ተሳሳተ ክፍል የሚመራው በር

እሑድ ጎህ ሳይቀድ በር የመቱት ሰዎች ሦስት መሆናቸውን እትዬ ሀረገወይን በበሩ ቀዳዳ እንዳዩ ነገሩ ገባቸው። በደህና ጊዜ ሰው ብቻውን ይመጣል፣ ደረጃው ላይ እያለም ይጣራል። ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ በዚያ ሰዓት ጋሉስ ሰፈር ድረስ የሚመጡ የጉባኤ ሽማግሌዎች የሚያመጡት መርዶ ብቻ ነው።

«ማንኛው ነው?» አሉ በሩን ሳይከፍቱ። «ወንዱ ነው ሴቷ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ይክፈቱልን...»

«ወንዱ ነው ሴቷ አልኩ!»

ከሁለቱ ሽማግሌዎች ኋላ የቆመው ረታ ግንባሩን ከግድግዳው አላተመና ጮኸ። «ወንድማችን! ወንድይራድ!»

ወንድይራድና ሮማን የሟች እህታቸው ልጆች ናቸው። እትዬ ሀረገወይን ሁለቱንም ከጉልበታቸው ሳያወርዱ አሳድገው፣ እዚህ ፍራንክፈርት አምጥተው ሰው አድርገዋል። ሁለቱ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ረታ የሮማን እጮኛ ነው፤ የጉባኤው መዘምራን መሪ፣ የናዝሬት ልጅ፣ ድምፁ ያማረ፣ እንባው ቅርብ። ሰርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ነበር።

የሆነውን የነገራቸውም እሱ ነው። ቅዳሜ ማታ ፌኸንሃይም ሰፈር ካለው ቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ከወንድይራድ ጋር ሲጻጻፍ ነበር። ወንድይራድ «አሁን መሰላል ላይ ወጥቼ የኮምፒዩተሩን ገመድ ልስብ ነው» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። ረታ ቢጠብቅ መልስ የለም። በሽትራሰንባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሲደርስ ልጁን ወድቆ፣ ጭንቅላቱ የማሞቂያው ብረት ላይ ተሰብሮ አገኘው፤ ፖሊስንም ሽማግሌዎቹንም ጠራ። ሮማን ኦስትሃፈን መጋዘን የማታ ተረኛ ነበረች። ፖሊሶች ኮምፒዩተሩ ላይ የቀረውን ጽሑፍ አስተርጉመው አነበቡ፤ «አደጋ ነው» ብለው ቤቱን አሸጉና ሄዱ።

እትዬ ሀረገወይን ፊደል አልቆጠሩም። የሚያፍሩበትም ነገር አይደለም፤ ፊደል ቆጥረው ሰው ማየት የማይችሉ ስንት ደነዞች እንዳሉ ያውቃሉ። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ የልጁን ልብስና ዕቃ ሲያስረክቧቸው አንድ በአንድ አዩት። ሰዓቱ እጁ ላይ የነበረ ነው። ቁልፉ ሱሪው ኪስ። መነጽሩ ግን ታጥፎ፣ በቤቱ ገብቶ፣ ከደረት ኪሱ ነው የወጣው።

«ሮማን፣ ይህን ሰውዬ ጠይቂልኝ። መነጽሩን ማን ነው ያጠፈው?»

መርማሪው ኮሚሳር ማንም እንዳልነካው፣ ኪሱ ውስጥ እንደተገኘ ተናገረ።

«ያለ መነጽር ጣቱን የማይለይ ልጅ ነው መሰላል ወጥቶ ገመድ የሚስበው?»

ኮሚሳሩ ትከሻውን ነቀነቀ። የማታው ጽሑፍ ሟቹ ራሱ መሰላል ሊወጣ እንደነበር ይናገራል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። የቤቱን ቁልፍም ለሮማን ሰጣት።

«ለሱ ተዘግቷል» አሉ እትዬ ሀረገወይን ደረጃውን ሲወርዱ። «ለኔ ገና አሁን ተከፈተ። የገደለው እጅ ሳይታሰር እኔ አልቀበርም።»

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ግን ሹክሹክታው ገዳይ አግኝቶ ነበር፤ አቶ ተስፎም። በአዲስ አበባ ቴሌ ለብዙ ዘመን የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ከወንድይራድ ጋር ኮምፒዩተር የሚነካኩ ኤርትራዊ ናቸው። ጊዜው የባድመ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን የያዘበት ነው፤ አብረው ያረጁ ሰዎች በሽትራሰንባን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰላም አይባባሉም። ቅዳሜ ቀን ከወንድይራድ ቤት ጩኸት ተሰምቷል፤ አቶ ተስፎምም በር አላትመው ሲወጡ ታይተዋል። ይህን ወሬ ደጋግሞ የሚያነሳው ረታ ነው። «እኔ በማንም ላይ አልፈርድም እንጂ...» እያለ ይጀምራል።

እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸውን አደግድገው ሰውየው ቤት ሄዱ፤ በሩ ሲከፈት ሰላምታም አልሰጡ።

«ልጄን ገድለው ከሆነ አሁን ይንገሩኝ። ሳይነግሩኝ ቀርተው በሌላ ሰው አፍ ከሰማሁ ለሁለታችንም አይበጅም።»

አቶ ተስፎም በሩን በሰፊው ከፈቱላቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። «ይግቡ። ለልቅሶ እንዳልመጣ ከለከሉኝ፣ ልቅሶው ራሱ መጣልኝ።»

«ለምን ተጯጯሃችሁ?»

«በጦርነቱ ነዋ! መቼ ሳንጯጯህ ቀርተን? እሱ ይሰድበኛል፣ እኔ እሰድበዋለሁ፣ ከዚያ የኮምፒዩተሩን ገመድ እንገጥማለን። ቅዳሜ ግን ልጁ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። 'ጋሼ፣ ማታ አንድ ከባድ ነገር የምነግረው ሰው አለ' አለኝ።»

«ሲሰድብዎት መነጽሩን ያወልቃል?»

«መነጽር? የለም፣ ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ። ምነው?»

እትዬ ሀረገወይን ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይተው ጨረሱ። ከዚያ «ጫማዎን ያድርጉ» አሉ። «የልጁን ማሽን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።»

ወንድይራድ ያንን ኮምፒዩተር የተከለው ለጉባኤው ነበር። ስብከቱንና መዝሙሩን ያስገባበታል፤ ቅዳሜ ማታ ከስቶክሆልምም፣ ከሌላም አገር ያሉ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ወደ እሱ እየገቡ ይሰማሉ፣ ይጻጻፋሉ። በመካከል መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥን አለ፤ ራውተር ይሉታል። ሮማን የልጁን ቤት ከፈተችላቸው። አቶ ተስፎም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው ብዙ ነካኩ፤ ወደ ቤታቸው ሄደው ከውጭ ሞከሩ፤ ተመልሰው መጡና ጢማቸውን አሻሹ።

«ከውጭ አይገባም።»

«ምን ማለት ነው አይገባም?»

«ይኸውልዎት። ይህ ቤት ለውጭ ሰው የማይለወጥ አድራሻ አለው፤ ወንድይራድ ከመስመሩ ኩባንያ አስፈቅዶ ያወጣው ነው። ግቢው አይጠፋም። ግቢው ውስጥ ግን ክፍሎች አሉ፤ ይህ የሱ ኮምፒዩተር አንድ ክፍል፣ ሮማን በቀደም የገዛችው ሌላ ክፍል። ሳጥኑ ዘበኛ ነው። 'እንግዳ ሲመጣ ሁለት ቁጥር ክፍል አስገባ' ተብሎ ታዟል።»

«ታዲያ ያስገባ!»

«ያስገባል። ግን ሁለት ቁጥር አሁን የሮማን ኮምፒዩተር ነው፤ እዚያ ተቀብሎ የሚያናግር የለም። የወንድይራድ ሦስት ቁጥር ሆኗል። ቁጥሩን የሚያድለው ዘበኛው ነው። መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ ያደለውን ሁሉ ይረሳል፤ ቀድሞ ለጠየቀው እንደ አዲስ ይሰጣል። ወንድይራድ ቁጥሩን ለማሽኑ ቆልፎ ማሰር ነበረበት። ነገ ነገ ሲል ቀረ።»

«ከቤት ውስጥ ሆኖ ግን ያናግራል?»

«ከውስጥ ገመድ የሰካ ሰው ዘበኛውን ምን ያደርገዋል? ቀጥ ብሎ ወደ ሦስት ቁጥር ይሄዳል።»

እትዬ ሀረገወይን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ያጸዱት እሳቸው ናቸው። ሽታውብዛውገሩን፣ ያንን አቧራ የሚመጥ ማሽን፣ ለመሰካት የሳጥኑንም የኮምፒዩተሩንም መሰኪያ ነቅለዋል፤ ጨርሰው መልሰውታል። ወንድይራድ ሁልጊዜ «አክስቴ፣ ይህን አትንኪብኝ» ይላቸዋል፤ ሁልጊዜም ይነኩታል። ሮማን ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የራሷን ኮምፒዩተር ከፍታ ነበር። ወንድይራድ ከውጭ ገብቶ የሱን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሮማን!» ብለው ተጣሩ። «ቅዳሜ ጠዋት ወንድምሽ ምን አለሽ? እንዳትዋሺኝ።»

ሮማን በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። «'ሰርጉን አቆዪው' አለኝ። 'ለምን?' ብዬ ብጠይቀው 'መጀመሪያ እሱን ፊት ለፊት ላናግር፣ ከኋላው አላማውም' አለኝ። አክስቴ፣ ተቆጥቼ ነው ከቤት የወጣሁት። ከሰዓት ስመለስ እሱ አልነበረም፤ ቻው እንኳን አላልኩትም።»

«ሌላ ሰው ስለ ቅዳሜ ምን አለሽ?»

«ማንም። ዶርቃ ብቻ፣ የስቶክሆልሟ፣ ለልቅሶ ስትደውል... ያን ማታ መግባት እምቢ ብሏት ለወንድሜ ደውላለት ነበር። 'እንግዳ ገብቶብኛል፣ ልንጸልይ ስለሆነ ነገ አስተካክለዋለሁ' አላት።»

እትዬ ሀረገወይን ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ስልክ አስደወሉ፤ አንዱ ናዝሬት፣ አንዱ ኮሚሳሩ ጋ።

በሰልስቱ ለቅሶው ወንድይራድ ቤት ሆነ፤ ቤቱ ሞላ። አቶ ተስፎም ሲገቡ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ እትዬ ሀረገወይን ግን እጃቸውን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧቸው። ኮሚሳሩ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ሮማን አጠገቡ ሆና ታስተረጉምለታለች። ስልኩ በድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ረታ ልጄ» አሉ እትዬ ሀረገወይን፣ «የመጨረሻውን ቃሉን የሰማኸው አንተ ነህ። እስቲ ለሁሉም ንገርልኝ።»

ረታ ተነስቶ ነገረ። ዳር ዳሩ ያለ ሰው ሁሉ አለቀሰ።

«ከቤትህ ሆነህ ነው የጻፍክለት?»

«ከቤቴ፣ እትዬ። ከፌኸንሃይም።»

«በዚህ ሳጥን በኩል ገብተህ?»

«ሌላ በየት ይገባል? ጌታ ምስክሬ ነው!»

«ጌታን ተወው፣ ሥራ አለበት። አቶ ተስፎም፣ ይንገሩት።»

አቶ ተስፎም ስለ ዘበኛውና ስለ ክፍሎቹ እንደገና ተናገሩ፤ በዚያ ማታ ከውጭ የመጣ ሁሉ የሚመራው ወደ ሮማን ኮምፒዩተር እንደነበር፣ እዚያ ደግሞ የሚመልስ እንዳልነበረ።

«ከዚያ በኋላ ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለ ረታ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ዶርቃ፣ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ፣ እትዬ» አለ ስልኩ። «ገና ሳይመሽ ጀምሮ አልገባም አለን። ወንድም ወንድይራድ ነገ አስተካክለዋለሁ ነው ያለኝ።»

«ነገን አላየም። ከዚያ ፖሊስ አሸገው፤ ስንከፍተውም እንደተበላሸ ነው። እንግዲህ ማንም ከውጭ አልገባም። ከልጄ ኮምፒዩተር ጋር የተጻጻፈ ሰው ካለ፣ ገመዱን እዚሁ ቤት ውስጥ የሰካ ነው። ረታ፣ ያቺ ከትከሻህ የማትወርድ ላፕቶፕህ የት ነበረች? ወንድሙ ሊሞት ነው ብሎ ሲሮጥ የመጣ ሰው፣ እሷን አንጠልጥሎ ነው ያን ሌሊት ሽማግሌዎቹን እዚህ በር ላይ የተቀበላቸው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እውነት ነው፣ ትከሻው ላይ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ጻፍክ፣ አንተው መለስክ። ሬሳው እግርህ ሥር ሆኖ። መሰላሉንም አንተ አቆምከው። መነጽሩን ግን ረሳኸው። ልጄ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያወልቀው፤ ሲተኛና ሲጸልይ። ከአቶ ተስፎም ጋር ቢሆን ይሰዳደባል እንጂ አብሮ ዓይኑን አይጨፍንም። ከባድ ነገር ከማውራቱ በፊት 'መጀመሪያ እንጸልይ' የሚለው ከናንተው አንዱን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስምህን ለእግዜር እየጠራ ሳለ ነው የመታኸው!»

«ለምን ብዬ? ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«ናዝሬት ደውዬ ነበር። ሚስትህ ደህና ናት። ልጅህም አድጓል።»

ሮማን ለኮሚሳሩ የምታስተረጉመውን አቋረጠች። ከዚያ ያንኑ ቃል በጀርመንኛ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ቀለበቱን አውልቃ መስኮቱ ላይ አኖረች።

«ሊያጠፋኝ ነበር!» አለ ረታ። «ለጉባኤው ሁሉ እነግራለሁ አለኝ! አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት... እትዬ፣ ስለ ጌታ ብለው!» ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ተጎተተ።

ሽማግሌዎቹም ከወንበራቸው ተነሱ። «እትዬ፣ ሕግ የራሱን ይሠራል። እርስዎ ግን ለነፍስዎ ሲሉ ይቅር ይበሉት። ልቅሶ ቤት ነው።»

«ተቀመጡ!» አሉ። «ማንም የኔን ይቅርታ አይለምንልኝ። ይቅርታ ያለው እግዜር ከሆነ፣ እሱ ዘንድ ሄዶ ይሰለፍ። እዚህ የለም።»

ኮሚሳሩ ረታን ክንዱን ይዞ አነሳው። በሩ ጋ ሲደርሱ እትዬ ሀረገወይን ተከተሏቸው።

«ረታ።»

ዞረ። የሆነ ደግ ቃል የጠበቀ መሰለ።

«እናትህ ሩቅ ናት፣ ሚስትህም አትመጣም፣ እነዚህም ይረሱሃል። እኔ ግን በፈቀዱልኝ ቀን ሁሉ እስር ቤት እመጣልሃለሁ። ስንቅ አልይዝልህም። አንዲት ቃልም አልናገርህም። ፊት ለፊትህ እቀመጥና፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ተነስቼ እሄዳለሁ። እስክሞት ድረስ። የኛ ዘር ደግሞ ቶሎ አይሞትም።»