ለተረኛው የተቀየጠ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። በሩ ተቀርቅሯል? እሰይ። እንዲህ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ነበር፤ ዶሮ ሳይጮህ። ከመንደሩ ወደ ሐይቁ የምትወርደው መንገድ ጭር ያለች ናት፤ ግራም ቀኝም ደንገል ብቻ። በዚያች መንገድ አንዳርጌ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ብቻውን ወረደ።

አንዳርጌና ባዘዘው የጋራ የጀልባ ሞተር ነበራቸው። አንድ ሌሊት ያ፣ አንድ ሌሊት ይህ። ሞተሩ ታዲያ አሮጌ ነው፤ ቤንዚን ብቻውን አይበቃውም። በሃያ አምስት ጣሳ ቤንዚን አንድ ጣሳ ዘይት ይቀየጥለታል። ዘይት ካጣ ይደርቅና ቀጥ ይላል። ወጋቸውም ይህ ነበር፤ ከውሃ የተመለሰው ለተረኛው ቀይጦ፣ ጀሪካኑን ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ያኖራል። የሰው ነፍስ እኮ ነው!

አንዳርጌ ምን አደረገ? በአንድ የተቀደደ መረብ ተጣልተው ነበርና፣ በቂሙ ቤንዚኑን ብቻ ሞልቶ አኖረለት። ባዘዘው አምኖት ወጣ። መሐል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ደረቀ፤ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋን ደንገል ውስጥ አገኟት። እሱንስ? ማን አግኝቶት!

አንዳርጌ ሞተሩን አስጠግኖ ለብቻው ያዘው። ያን ብቻውን የወረደበት ሌሊት ታዲያ ዋርካው ሥር ሲደርስ፣ ባዶውን የተወው ጀሪካን ሞልቶ ቆሟል። እርጥብ ነው።

«ሚስቴ ትሆናለች» አለና አንሥቶ ሞተሩ ውስጥ ቀዳው።

ሚስቱ ናት? አንቺ ውብነሽ፣ አትሳቂ!

ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሣ። ወትሮ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ዛሬ ጭስ የለም። ዘይት የሌለው መች ያጨሳል? ጥቂት እንደሄደ ከዳር ድምፅ መጣ።

«አንዳርጌ፣ ስንት ዘይት አኖርክልኝ?»

«አንድ ጣሳ ሙሉ!»

ጥቂት ሄደ። አሁን ድምፁ ከኋላው ነው፤ ከውሃው ውስጥ።

«አንዳርጌ፣ ስንት ዘይት አኖርክልኝ?»

«አንድ ጣሳ አልኩህ! የሞተ ዝም ይላል!»

እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? በሕይወት ይመለስ ነበር እኮ!

ጥቂት ሄደ። ጀልባዋ ወደ ጎን አዘነበለች። እርጥብ እጅ ጠርዟን ያዘ። ሌላው እጅ ትከሻውን።

«እኔም ያንተኑ ያህል ቀይጬልሃለሁ፣ ወንድሜ።»

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ሲነጋ ጀልባዋን ደንገል ውስጥ አገኟት። ባዶዋን። ዋርካው ሥር ግን ጀሪካኑ ቆሟል፤ ሙሉ፣ እርጥብ። ለተረኛው ነዋ! እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላ ሰው የቀየጠውን ሳታዩ አትቅዱ፤ በዚያች መንገድም ብቻችሁን አትውረዱ። ተረኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም...

አንተ! ትከሻህን ምን አረጠበው?