ያልረዘሙት ችግኞች

የመጀመሪያው ጣሳ ግድግዳው ላይ ተፈጠፈጠ። ሁለተኛው ሽቦ በሚሏት ልጅ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈ።

«ሸሚዜን እጠቢ አልኩሽ እንጂ ጎመን ትከዪ አልኩሽ?» ብሎ ጮኸ ወንድሟ።

ወንድሟ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከምድጃ ፊት ሲለበለብ ውሎ ሲገባ ንዴቱም አብሮት ይገባል። ቤታቸው ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በምድጃው በኩል ባለው መስኮት ሥር ሌት ተቀን ሞቅ የሚል መደርደሪያ አለ። ለቅጥነቷ ሽቦ የሚል ስም የወጣላት እህቱ፣ ለባዮሎጂ ፕሮጀክት በጣሳ ያበቀለቻቸውን የጎመን ችግኞች ግማሹን እዚያ ደርድራለች። ግማሹ በር አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ነው፤ ብርሃኑ እኩል ነው፣ ቦታው ግን ቀዝቃዛ።

«ውሃ አልነበረም እኮ» አለች።

«ለጎመኑ ግን ነበረ!»

ሦስተኛውን ጣሳ ሊወረውር አነሳና ሐሳቡን ቀየረ። መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ በዝግታ፣ ከአንዱ ችግኝ ሁለቱን ቅጠሎች ነጨ። ወደሚቀጥለው አለፈ። የዶሮ ላባ የሚነጭ ይመስላል።

«ተማሪ፣ ተመራማሪ! እስቲ ይሄንን ተመራመሪ!»

ሽቦ ዘላ ክንዱን ነከሰችው። የላብና የዱቄት ጣዕም አፏን ሞላው። በፀጉሯ ይዞ ሲወረውራት ቅንድቧ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ተተረተረ። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ወለል ላይ እንዳለች አንድ ጊዜ ጎኗን ረገጣትና ወጣ።

እናቷ ጨርቅ ይዛ መጣች። የግራ እጇ ሌባ ጣት ጠማማ ነው፤ አምና «በር መታኝ» ብላ ነበር ለጎረቤቶች።

«አንቺም በር መታኝ በይ» አለቻት ጨርቁን ቅንድቧ ላይ እየጫነች። «ገመናችንን አደባባይ አታውጪ። እሱ ባይሠራ ምን እንበላለን? ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

ሽቦ ቅጠል አልባዎቹን አልጣለቻቸውም፤ እልህ ነው። መሃል ላይ የምትታየው ለጋ ጫፋቸው ስላልተነካች አልሞቱም። ሁሉንም እኩል ታጠጣቸው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ልዩነቱ ወጣ። ሙቀቱ ዘንድ ያሉት፣ ቅጠላቸው ያልተነካው፣ አንገታቸውን መዘው ቅጠሎቻቸውን ወደ ላይ አነሱ። ቀዝቃዛው ቦታ ያሉት ድንክ ሆነው ቀሩ። የተነጩትስ? እዚያው ሙቀት ውስጥ ሆነው እነሱም ድንክ ናቸው።

ማቅረቢያው ቀን ደረሰ። የፕሮጀክት ጓደኛዋ ድምቡሼ ከትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ጀርባ የሆነውን ሁሉ ከሽቦ ሰምታ ጣሳዎቹን አየችና በሳቅ ፈነዳች።

«አቦ፣ አንደኛ ወጣን! በምላጭ ቆረጥናቸው እንላለን፣ አለቀ። ወንድምሽ ሳያውቀው ረዳት ተመራማሪ ሆነልሽ!»

ሽቦ ምን እንደነካት አላወቀችም። የድምቡሼን ኮሌታ ጨምድዳ ከግድግዳው ጋር አላተመቻት። አንዴ። ደገመቻት። የድምቡሼ ከንፈር ተሰነጠቀና ደሙ አገጯ ላይ ወረደ።

ድምቡሼ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች። አላለቀሰችም። «አይዞሽ» አለች ቀስ ብላ። «በር መታኝ እላለሁ።»

ሽቦ ኮሌታዋን ለቀቀችላት።

የባዮሎጂ መምህርቷ ጣሳዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ለችኮላ የተፈጠረች ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ቀና ለማለት ዘገየች።

«ዝም በሉ! እዩ! ሙቀት ሲጨምር ቅጠሉ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን አምርቶ ወደ ግንዱ ይልካል ብያችሁ ነበር። ግንዱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ከጋለው አፈር ርቆ ነፋስ ያገኛል። ተክል እግር የለውም፤ የሚሸሸው በማደግ ነው። እነዚህ ግን ቅጠላቸው የለም። መልእክቱ ከየት ይምጣ? ሙቀቱ ላያቸው ላይ ተቀምጦ እያለ ንቅንቅ አላሉም!» ወደ ሽቦ ዞረች። «ለከተማው ውድድር የምልከው ይሄንን ነው። አሠራሩን ልጻፈው፤ በምን ቆረጥሻቸው?»

ጠመኔዋን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ድምቡሼ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገቻት። በምላጭ ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ቃል። ውድድሩም አለ፣ ቤትም ሰላም ነው፤ እስከ ማታ።

«እኔ አልቆረጥኳቸውም» አለች ሽቦ።

«ታዲያ ማን ቆረጣቸው?»

«ፍየል በላቻቸው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ አልሳቀችም፤ የሽቦን ቅንድብ፣ ቀጥላም የድምቡሼን ከንፈር አየች።

«የድምቡሼን ከንፈር ያደማሁት እኔ ነኝ» አለች ሽቦ። ሳቁ ቆመ። «የችግኞቹን ደግሞ… ተማሪዎቹ ሲወጡ ልንገርዎት፣ ቲቸር?»

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

ደወሉ ሲደወል ወንበሮች ተንጓጉ፣ ሁሉም ወደ በሩ ተጋፋ። ሽቦ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከቦታዋ አልተነሳችም። ድምቡሼ ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ልጠብቅሽ?» አለች።

«ከፈለግሽ» አለች ሽቦ። «ግን በሩን ዝጊው።»