ህሊና መረቡ አጠገብ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ የኒም ዛፎች ከበውት፣ ቀይ አፈር ያለው የቴኒስ ሜዳ ነበረ።

እዚያ ሜዳ ላይ ህሊና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትጫወት ነበር። ኪሩቤል የሚባል ጓደኛ አላት፤ ሁልጊዜ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ በጥንድ ነው የሚጫወቱት።

በጥንድ ሲጫወቱ አንዱ ልጅ ከኋላ ይቆማል። ሌላው ደግሞ ከፊት፣ መረቡ አጠገብ።

ህሊና ከኋላ ስትሆን ጎበዝ ናት። ጧ! ጧ! ኳሷን ትመልሳለች።

መረቡ አጠገብ ስትቆም ግን ልቧ ድው! ድው! ይላል።

ኳሷ ስትመጣ ዓይኗን ጭፍን! ከዚያ ዞር ብላ ወደ ኋላ እግሬ አውጪኝ!

ከፊት ማንም የለም። ኳሷ ባዶው ቦታ ላይ ታርፋለች። ጠብ!

«ህሊና! የት ሄድሽ?» ይላል ኪሩቤል።

«እዚህ ነኝ!» ትላለች ህሊና፣ ከጀርባው ሆና።

አንድ ቀን ኪሩቤል ኳስ ሊመታ ከኋላ ሲሮጥ፣ ህሊና ደግሞ ከፊት እየሸሸች መጣች። ግው! ተጋጩ። ሁለቱም አፈሩ ላይ ዘጭ!

የኪሩቤል ጉልበት ተላጠ። ራኬቱን አነሳና ዛፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ፊቱንም አዞረ።

አሰልጣኛቸው ኮች ዝናሽ ቁስሉን በውኃ አጠቡለት። «ነገ ግጥሚያ አላችሁ» አሉ። «አብራችሁ ትጫወታላችሁ?»

ኪሩቤል አፈሩን በራኬቱ ጫር ጫር አደረገ።

ከዚያ ህሊና ቀስ ብላ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ይቅርታ፣ ኪሩ።»

«ከእኔ ጋር መጫወት አትፈልጊም አይደል?» አለ ኪሩቤል። «ለዚህ ነው ሁልጊዜ ትተሽኝ የምትሮጪው።»

«እንዴ! አይደለም!» ህሊና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ኳሷን ፈርቼ ነው! አንድ ቀን አፍንጫዬን መታችኝ። በጣም አሞኝ ነበር።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ኪሩቤል ፊቱን መለሰ። «ኳሷን ነው እንዴ የፈራሽው? እኔን የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«እኔ? አንተን?»

እፎይ! አለ ኪሩቤል። እፎይ! አለች ህሊና።

ኮች ዝናሽ ይህን ሰሙ። ሄዱና እንደ ስፖንጅ የምትለሰልስ ኳስ ይዘው መጡ።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ» አሏት። «ራኬትሽን ከፊትሽ ያዢ። ዓይንሽን ኳሷ ላይ አድርጊ። በኃይል አትምቻት፤ ንኪያት ብቻ።»

ለስላሳዋ ኳስ መጣች። ህሊና ነካቻት። ጷ!

ደግማ ነካቻት። ጷ!

ቀጥሎ እውነተኛዋ ኳስ መጣች። ህሊና ትንሽ ፈራች፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። ጧ!

«ጎሽ!» አሉ ኮች ዝናሽ። ከዚያ ረጅም ገመድ አመጡ፤ አንዱን ጫፍ ለህሊና፣ ሌላውን ለኪሩቤል ሰጡ።

«ገመዱ እንዳያመልጣችሁ አብራችሁ ሂዱ» አሉ።

ኪሩቤል ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ ህሊናም ወደ ቀኝ! ህሊና ወደ ግራ ስትሄድ፣ ኪሩቤልም ወደ ግራ! ሳቃቸው ሜዳውን ሞላው።

«ኳሷ ወደ አንቺ ስትመጣ ‹የእኔ!› በዪ» አሉ ኮች ዝናሽ። «ወደ እሱ ስትሄድ ደግሞ ‹ያንተ!› በዪ።»

በማግስቱ ግጥሚያው ተጀመረ። ከመረቡ ወዲያ ሁለት ረጃጅም እህትማማቾች ቆመዋል።

ህሊና መረቡ አጠገብ ቆመች። ድው! ድው! እግሯ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«አይዞሽ!» አለ ኪሩቤል። «ከኋላሽ አለሁ!»

ህሊና ወደ ፊት ተመለሰች።

ኳሷ ከራሷ በላይ አለፈች። «ያንተ!» ጧ! መለሳት ኪሩቤል።

ሌላዋ ኳስ መሃላቸው መጣች። ሁለቱም መናገር ረሱ። ጠብ! ተያይተው ሳቁ።

ከዚያ አንዲት ኳስ ሽው! ብላ በቀጥታ ወደ ህሊና አፍንጫ መጣች።

ህሊና አልሸሸችም። ራኬቷን ከፊቷ ያዘች። «የእኔ!»

ጧ!

ኳሷ መረቡን ተሻገረች። እህትማማቾቹ ሮጡ፣ ሮጡ፣ አልደረሱባትም። ጠብ!

ህሊና አፍንጫዋን ዳበሰች። ምንም አልሆነም!

እፎይ! አለች። ኪሩቤል እየጮኸ መጥቶ አቀፋት፤ ኮች ዝናሽም አጨበጨቡ።

ሲመሽ አባቷ መጥቶ በባጃጅ ወሰዳት። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። ህሊና ራሷን ትከሻው ላይ አስደገፈች።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አላት።

«እነሱ» አለች ህሊና እያዛጋች። «ግን አባቢ፣ ኪሩ ነገም ከእኔ ጋር ነው የሚጫወተው!»

«እንዲያ ነው እንጂ!» አለ አባቷ።

ባጃጁ ደጃቸው ሳይደርስ ህሊና እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷ ታቅፏት ገባ፤ አቧራ የለበሰ ጫማዋን በቀስታ አወለቀላት።

ስስ አንሶላ አለበሳትና ግንባሯን ሳማት። ህሊና ፈገግ እንዳለች ተኝታለች።